ለሳሎን ሲኒማ ሪሲቨር ይሻላል ወይስ የተለያየ አምፕሊፋየር?

ወንድሜ፣ ሳሎንህ አራት በአምስት ሜትር እንደሆነ፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) እንዳለህ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድህም ዕቃ ሊይዝልህ እንደተስማማ ጽፈሃል። ጥያቄህም ሁሉን በአንድ የያዘውን የሲኒማ ሪሲቨር ላስመጣ ወይስ ድምፁን የሚያቀናብረውንና ኃይል የሚሰጠውን ለየብቻ ልግዛ የሚል ነው። ሁለቱንም ዓይነት በቤቴ ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ለወዳጆቼም ገጥሜያለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ሪሲቨር ግዛ። ነገር ግን ከጀርባው ለሁሉም ስፒከሮች «ፕሪ አውት» የሚል መውጫ (ድምፁን በገመድ ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያወጣ ቀዳዳ) ያለውን ምረጥ። ምክንያቴን ላስረዳህ።

የተለያየ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አስቀድመው የሚያነሱት ዋትን ነው። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፅ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚህም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ100 ወደ 200 ዋት ለመሻገር የምታወጣው ገንዘብ የሚያስገኝልህ ለውጥ ትንሽ ነው። በአንተ ሳሎን እናስላው። ስፒከርህ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነና ሦስት ሜትር ርቀህ ከተቀመጥህ፣ ያ አንድ ዋት ጆሮህ ዘንድ ሲደርስ 79 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ፊልም ሲያይ ከዚህ በላይ ድምፅ የሚከፍተው ከስንት አንድ ጊዜ ነው! 100 ዋት 99 ዴሲቤል ያደርስሃል፤ ለፍንዳታው ቅጽበት ይህ በቂ ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ከስፒከሮቹ ለይቶ ወደ ሰብዉፈሩ የሚልከውን የሪሲቨሩን መለያ 80 ኸርዝ ላይ ብታደርገው ከዚያ በታች ያለውን ከባድ ሥራ ሰብዉፈሩ በራሱ አምፕሊፋየር ይሸከመዋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ግን እንዳለ አትቀበለው። ብዙውን ጊዜ የተለካው ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ ነው፤ አንዳንዱም በአንድ ስፒከር ብቻ፣ ያውም ድምፁ እስኪበላሽ ተገፍቶ ነው። አምስቱም በአንድነት ሲጠይቁ የኃይል ምንጩ አንድ ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። «8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ» የሚለውን መስመር ፈልገህ አነጻጽር፤ ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አምፕሊፋየሩን የበለጠ ያደክማል።

የተለየ አምፕሊፋየር የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። አንድ ወዳጄ ቁመታቸው ደረት የሚደርስ፣ 4 ኦም የሆኑና ኃይል የሚበሉ ስፒከሮች ነበሩት። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሪሲቨሩ ክዳን እጅ አያስነካም፤ ጦርነቱ በጋለበት ትዕይንት ላይ ቀጭ ብሎ ይጠፋና ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከፕሪ አውቱ ገመድ አውጥተን ለፊተኞቹ ሦስት ስፒከሮች ባለ ሦስት ቻናል ፓወር አምፕ (ለስፒከር ኃይል ብቻ የሚሰጥ አምፕሊፋየር) ጨመርንለት፤ የኋላዎቹን ሪሲቨሩ ራሱ ይነዳቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋበትም። እኔ ቤት ግን ስፒከሮቼ ቀላል 8 ኦም ናቸው፤ የሪሲቨሩንና የተለየውን አምፕሊፋየር ድምፅ በመለኪያ እኩል አድርጌ ሳዳምጥ ልዩነት አላገኘሁም። እኩል ማድረጉ ወሳኝ ነው፤ አንዱ በጥቂቱ ከጮኸ ጆሮ እርሱን «የተሻለ» ይለዋል።

የጋለ ሁሉ አቅም አንሶት ነው ማለትም አይደለም። ሪሲቨሩ መስታወት በተዘጋበት ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ በላዩ ዳንቴል ተነጥፎበት ያየሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አምፕሊፋየር ከመግዛትህ በፊት ዳንቴሉን አንሣ፣ ከላዩም ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት።

ሌላው ጉዳይ እርጅና ነው። ፓወር አምፕ በአግባቡ ከተያዘ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ቶሎ የሚያረጀው አቀናባሪው ነው፤ ድምፅን ከላይም ጭምር የሚያሰማው ዶልቢ አትሞስ ወደ ቤት የገባው በ2014፣ ምስልና ድምፅን የሚያስተላልፈው ገመድ አዲስ ደረጃ ኤችዲኤምአይ 2.1 ይፋ የሆነው በ2017 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ነው፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ፕሪ አውት ያለው ሪሲቨር ከገዛህ ወደፊት አምፕ ትጨምራለህ፤ ዘመን ሲያልፍበት ሪሲቨሩን ብቻ ትቀይራለህ። ለምሳሌ የዴነን ኤቪአር ኤክስ 3800 ኤች እንዲህ ያሉ መውጫዎች አሉት።

አሁን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ሪሲቨር አብዛኛው 120 ቮልት ብቻ ነው፤ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ይቃጠላል። ለሪሲቨር በቂ አቅም ያለው የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አንድ ይበቃሃል። ትልቅ ፓወር አምፕ ከጨመርህ ግን ትራንስፎርመሩም ከባድና ውድ ይሆናል፤ የተለያየውን ለአንተ የማልመክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ ፓወር አምፖች ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ ዘመድህ ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። መብራት ሲጠፋም ነቅለህ ጠብቅ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋ አትሰካው።

የሚተርፍህን ገንዘብ በመሃለኛው ስፒከር ላይ አውለው፤ የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእርሱ ነው። የስፒከሮችህን ሞዴልና ኦም ብትጽፍልኝ፣ አምፕ ያስፈልጋቸው እንደሆነ አስልቼ እነግርሃለሁ።