የምርቃት ጽጌረዳ ስር ያወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ከደሴ ነው። ለእህቴ ምርቃት ከተገዛው እቅፍ ላይ ጽጌረዳዎቹን ቆራርጬ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኳቸው፣ አስር ቀን ሳይሞላ ግንዱ ጠቁሮ ውሃው ሸተተ። ጎረቤቴ ደሞ ድንች ላይ ሰክተሽ ቅበሪው ትለኛለች፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እህታለም ድንቹን ለወጥ አስቀሪው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ በስብሶ ግንዱንም ይዞት ይሄዳል፣ ካልሆነም ድንች ይበቅልልሻል። የጠቆረው ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ የሱቅ አበባ ተቆርጦ ቀዝቃዛ ቦታ ሰንብቶ ስለሚመጣ አቅሙ አልቋል፣ ከአስሩ ሁለቱ ከያዘልሽ እሰየው ነው።

በሚቀጥለው አበባው እስኪረግፍ አትጠብቂ። እርሳስ የሚያክል አረንጓዴ ግንድ መርጠሽ 15 ሴንቲ ያህል፣ ሶስት አራት አንጓ ያለው አርገሽ ከታችኛው አንጓ ስር በአዲስ ምላጭ ሰያፍ ቁረጪው (የደነዘ መቀስ ይጨፈልቀዋል)፣ አበባውን ጣዪና ከላይ አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዪለት። የታጠበ የወንዝ አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅለሽ ሁለት አንጓ ድረስ ቅበሪው፣ አጠጪውና ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፊበት፣ ክዳኑን አልፎ አልፎ ክፈቺ፣ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው።

ደሴ ላይ ዋናው ጠላት ብርዱ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ማታ ማታ ቤት አስገቢው። ኮምቦልቻዎች ሙቀቱ ስላለላቸው ቶሎ ይይዝላቸዋል፣ አንቺ ግን እስከ ሁለት ወር ታገሺ። አዲስ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ያዘ እንዳትይ፣ ግንዱ ውስጥ በቀረው ምግብም ይወጣል፣ በቀስታ ሳብ ስታረጊው እምቢ ካለ ያኔ ስር አለው። እኔ ብሆን ግን ከጎረቤትሽ አጥር ላይ አንድ ቁራጭ እለምን ነበር።