የዘመድ ገንዘብ በእጃችሁ ሲገባ

ልጆቼ፣

ጥብቅና ስሠራ ከያዝኳቸው የቤተሰብ ክርክሮች ሁሉ ልቤን የሚያደክመኝ የውክልና ክርክር ነበር። ተከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ሆኖ አይደለም የሚመጣው። እህቱ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ የላከችውን ገንዘብ ተቀብሎ ቤት ያስጀመረ፣ የብረት ዋጋ እስኪረጋጋ ሲጠብቅ «ለጊዜው» ብሎ ከዚያው የተበደረ፣ ከራሱም ጨምሮ የግንበኛ ሒሳብ የከፈለ ሰው ነው። ዓመታት ሲያልፉ የእሷ የትኛው፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። የሰረቀ ሰው ቢያንስ ስንት እንደሰረቀ ያውቃል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምነግራችሁ ገንዘቡን እንዳትቀላቅሉ ነው። ወካያችሁ በራሷ ስም ሒሳብ ትክፈት፤ ባንኮቻችን ውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ያደርጋሉ። እናንተ በውክልናው ታንቀሳቅሱታላችሁ። «በእኔ ስም ላኪው፣ ይቀልላል» አትበሉ። እናንተ ድንገት ብትሞቱ ገንዘቡ በውርስ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ብትፋቱ ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ያኔ ስደተኛዋ እህታችሁ የገዛ ላቧን ከምራቷ ጋር ልትከራከርበት ነው።

ቀጥሎ የያዛችሁትን ወረቀት አንብቡት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንዲሠራ ይፈቅድለታል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለአክስት ልጅ ሠርግ በእሷ ስም የምታበረክቱት ገንዘብም ስጦታ መሆኑን አትርሱ። በተግባር ግን ብዙው ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሲሄድ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ» የሚል ረጅም ጽሑፍ አስፈርሞ ይመለሳል። በወረቀቱ ላይ ሁሉም ሥልጣን አለ ማለት ሁሉም ነገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሕጉ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ በፍጹም ቅን ልቦና እንዲሠራ፣ ወካዩ ሳያውቅም ከሥራው ምንም ትርፍ እንዳያገኝ ያስገድዳል። የሲሚንቶ ነጋዴው «ለአንተ ለሻይ» ብሎ የሚቀንስላችሁ ብር የእሷ ነው። ደላላው የሚያካፍላችሁም የእሷ ነው። ነገሩ ከከፋ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እምነት ማጉደል የሚባለው ይኸው ነው፤ ወንድም መሆን አያድንም።

ስለ ድካማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። በሕጉ መሠረት ዋጋ ካልተስማማችሁ በቀር የቤተሰብ ተወካይ የሚጠይቀው ያወጣውን ወጪ ነው። ወር ሙሉ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ግን ይቆጨዋል፤ የቆጨው ሰው ደግሞ ለራሱ መክፈል ይጀምራል። አፍራችሁ ዝም ከምትሉ በመጀመሪያው ቀን «የታክሲዬን፣ የጊዜዬን ይህን ያህል» በሉ። ዘመድም ሲለምናችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ። እናት ታማ እንኳ ቢሆን ለወካያችሁ ደውሉ፤ የተስማማችበትንም በጽሑፍ መልእክት አስቀሩት። ደረሰኝ ስለ መያዝ አልነግራችሁም፤ ይህን ታውቃላችሁ።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማይከስበት ጥፋት ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሽማግሌ ወላጆች ጋር ነው። ልጅ ውክልና ይዞ የእናቱን ጡረታና የቤት ኪራይ ይሰበስባል፤ ሒሳቡ በየወሩ ይወፍራል፤ እናት ግን የመስሚያ መሣሪያ ሳይገዛላት በምልክት ትነጋገራለች። «ገንዘቧን እየጠበቅንላት ነው» ይላል። ለማን? ወራሹ እሱ ነው! ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ሳትሞት መውረስ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኅዳር ሚካኤልን ስትዘክር የኖረች ሴት ዘንድሮም መዘከር ትፈልጋለች። ለልጇ ብክነት ሊመስለው ይችላል፤ እኔም ጠላው ይበዛል ብዬ ላስብ እችላለሁ። ገንዘቡ ግን የእሷን ፈቃድ እንጂ የእኛን ብልህነት አይከተልም። ጎረቤት ጠርታ ቡና የምታፈላበት፣ የእድሯን መዋጮ የምትከፍልበት፣ ለነዳያን የምትሰጠው ሳንቲም ሳይቀር ከሒሳቧ ይውጣ። ስትጠይቃችሁ «ምን ያደርግልሻል?» አትበሏት። እናንተ ተማሪ ሳላችሁ ስትለምኗት እንዲህ ብላ እንደማትጠይቃችሁ አስታውሱ፤ ብትጠይቃችሁም ትሰጣችሁ ነበር።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፦ የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና ወካዩ ሲሞት ወይም በሕግ ችሎታ ሲያጣ ይቋረጣል። አባታችሁ አእምሯቸው ደክሞ የሚፈርሙትን መለየት ካቃታቸው በድሮው ወረቀት ባንክ መመላለስ ትታችሁ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚት እንዲሾም ጠይቁ። ያስመርራል፣ ቀጠሮው ይረዝማል። ቢሆንም እህት ወንድሞቻችሁ ነገ በጥርጣሬ እንዳይመለከቷችሁ የሚያደርግ መንገድ ይኸው ነው። ከሞቱ በኋላም «ለለቅሶው ነው» ብላችሁ በኤቲኤም ካርዳቸው አታውጡ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገንዘቡ የወራሾች ሁሉ ነው።

ወካያችሁ በሰላም ከተመለሰች ደግሞ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ። ካርታውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ ቁልፉን ቆጥራችሁ አስረክቡ፤ መረከቧንም አስፈርሟት። ከዚያ ውክልናው ወደ ጸደቀበት መሥሪያ ቤት አብራችኋት ሂዱና ታሽረው፤ መሻሩን ለባንኩ የሚገልጸውን ደብዳቤም በዚያው ቀን አድርሱ።