አንበሳውን ማንም አላየውም

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ የ17 ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ የሠራትን የሲ-47 አውሮፕላን ሞዴል ፎቶ አንስቶ የሞዴል ሠሪዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቃት። መጠኗ 1/72 ነው፤ እውነተኛዋ 72 ጊዜ ትበልጣታለች ማለት ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ኪቱን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን የፕላስቲክ ክፍሎች፣ አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞለት ነው የመጣው። ክፍሎቹ የወጡበት ሻጋታ የድሮ ነው፤ የልጁን አባት ዕድሜ ሳያህል አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲካል (ተለጣፊ ምልክት) ስላልነበረው ልጁ ከአሮጌ ፎቶ እያየ ጽሑፉንም፣ አፍንጫው አጠገብ ያለውን አንበሳም በቀጭን ብሩሽ በእጁ ነው የሣለው። አንበሳው ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ጎፈር አለው። ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ጅራቱ ሁሉ ታየኝ።

ሰዓት ሳይሞላ አስተያየቱ ጎረፈ። «ሪቬቱ ምስማር ይመስላል።» (ሪቬት የአውሮፕላኑን ላሜራ የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ነው።) «የሞተሩ ሽፋን ቅርጹ ልክ አይደለም።» «ይሄ ኪት ቆሻሻ ነው፣ ማን ግዛ አለህ?» አንዱ ደግሞ «ዲሲ-3 እንዲህ ያለ ትልቅ በር የለውም፤ መጀመሪያ አንብብ» አለው። ማታ ተመልሼ ስገባ ፎቶው የለም። ልጁም ከግሩፑ ወጥቷል። ስለ አንበሳው አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም።

በሩ ላይ ልጁ ነበር ልክ። አየር መንገዳችን ሥራ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ 5 ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። ሲ-47 ማለት ዲሲ-3 ለጦር ሠራዊት ማመላለሻ እንዲሆን ተስተካክሎ የተሠራው ነው። ጭነት እንዲያስገባ በግራ ጎኑ ሰፊ ድርብ በር አለው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባው የመጀመሪያው በረራ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። በዚያን ጊዜ ውስጡ እንደ ዛሬው አልነበረም። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው የሚታጠፉ አግዳሚ ወንበሮች፣ መሀሉ ላይ ዕቃ። ልጁ ይህን አንብቦ፣ አውቆ ነው በሩን እንደዚያ የተወው። «አንብብ» ያለው ሰው ነው ያላነበበው።

እኔ 34 ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አገር ቤት፣ ቀጥሎ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ጉድለት መፈለግ ነበር። ባትሪ ይዞ፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ የክንፍ ሆድ ሥር ገብቶ ስንጥቅ መፈለግ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው «ጉድለት አትናገሩ» ልላችሁ አይደለም። አነጋገሩ ራሱ ሙያ መሆኑን ልነግራችሁ ነው።

ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ጠዋት የክንፍ ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ ስርጉድ ያለ ነገር አየሁ። «አበቃላት! ይቺ አውሮፕላን አትበርም!» ብዬ ጮህኩ። ሃንጋሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ቀስ ብለው መጡና ጠየቁኝ። «ጥልቀቱ ስንት ነው?» አላውቅም። «ርዝመቱስ?» አላውቅም። «ከሪቬቱ መስመር ምን ያህል ይርቃል? መጽሐፉስ ምን ይላል?» አላውቅም። «እንግዲያው ገና አላየኸውም፤ ደንግጠህ ነው» አሉኝ። ከዚያ አብረን ለካን። የጥገና መጽሐፉን ገለጥን። ስርጉዱ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነበር። ቦታውንና ልኩን መዝገብ ላይ ጻፍን፣ ፈረምን፣ አውሮፕላኗ በዚያው ቀን በረረች።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የት? ስንት? ከምን ጋር አስተያይተህ?

እስቲ የልጁን ሪቬት በዚህ እንየው። አሮጌ ኪቶች ላይ ሪቬቱ ጎልቶ ነው የሚወጣው። የአንዱ ራስ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ72 ስታባዙት 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቡና ስኒ ቂጥ ማለት ነው። እውነተኛው ሪቬት ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ ለ72 ሲካፈል 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የጸጉር ዘለላ ውፍረት። ስለዚህ «ሪቬቱ ገዝፏል» ያለው ሰው ልክ ነው። ግን ሪቬቱን ልጁ አልሠራውም። ሻጋታውን የቀረጸው ሰው ነው የሠራው፣ ያውም ጸጉር የሚያህል ነገር ብረት ላይ መቅረጽ ጭንቅ በነበረበት ዘመን። የፋብሪካውን ጉድለት ወስዶ ልጁ ራስ ላይ ማራገፍ ምን ይባላል?

ኪት ለምን እንደሚሳሳት ብታውቁ አነጋገራችሁ ራሱ ይለዝባል። ሻጋታ ብረት ነው። አንድ የፕላስቲክ ክፍል ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ቢገኝ፣ ብረቱን ትንሽ መፋቅ ነው። ወፍሮ ቢገኝ ግን ብረቱ ላይ ብረት መጨመር ያስፈልጋል። ያ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ሻጋታ መቁረጥ ይሻላል። ፕላስቲኩም ሲቀዘቅዝ በግማሽ በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ይህን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ንድፉ የተወሰደበት ሥዕል ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ሙዚየም ሄዶ የተለካው አውሮፕላንም በጥገና ብዛት ከሦስት አውሮፕላን ዕቃ ተለቃቅሞ የቆመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በእጄ ነክቼ አውቃለሁ።

ስለ እውነተኛው አውሮፕላን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ቨርጂኒያ የስሚዝሶንያን ትልቅ የአውሮፕላን ሙዚየም አለ፣ ኡድቫር-ሄዚ ይባላል። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለችው፣ ኢኖላ ጌይ የምትባለው ቢ-29 አውሮፕላን እዚያ ናት። ቀለም ያልተቀባ አሉሚኒየም ናት። ከጎኗ ቆማችሁ መብራቱን ተከትላችሁ ላሜራዋን ብታዩ፣ ሞገድ ይታያችኋል። እዚህ ገባ ይላል፣ እዚያ ወጣ ይላል። እኛ ሞዴል ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ፍቀን መስተዋት የምናደርገው ነገር፣ እውነተኛው ላይ መስተዋት አይደለም። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ይህን ለማየት እቆማለሁ። «ልክ» የምንለውን ቃል በጥንቃቄ እንድጠቀምበት ያደርገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌላ ወገንም አለ። አንድ ሰው «ይህ ኪት አፍንጫው አጥሯል» ሲል «ዝም ብለህ ሥራ! መጫወቻ ነው! ሪቬት ቆጣሪ!» ብለው የሚጮሁ። እነዚህንም አልደግፍም። ትልልቅ ኪቶች ዛሬ ከ100 ዶላር ያልፋሉ። ብር አጠራቅሞ፣ ዘመድ ለምኖ፣ በሻንጣ የሚያስመጣ ልጅ ምን እንደሚገዛ የማወቅ መብት አለው። ለክቶ የሚናገር ሰው ውለታ ነው የዋለለት።

እንዲያውም ለክቶ መናገር ሻጋታ ሲያስቀይር አይተናል። ኤዱአርድ የሚባለው የቼክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ሜሰርሽሚት 109 ጂ-6 የተባለውን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን በ1/48 አወጣ። ሥራው የሚያምር ነበር። ግን ሰዎች ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ አውጥተው ሲለኩት፣ መሆን ከሚገባው ተልቆ ተገኘ። ሲያዩት የማይታወቅ፣ ሲለኩት ግን የሚወጣ ልዩነት። ድርጅቱ ስህተቱን አምኖ ተቀበለ። አዲስ ሻጋታ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱን ኪት አወጣ። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያሳየው ካሊፐር ነው። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ለሻጋታ ቀራጩ የትኛው ጋ ስንት እንደሚቀንስ አይነግረውም።

በሌላ በኩል ልክ ያልሆነ ኪት ምን እንደሚያደርግም አስታውሱ። ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጣው ትንሹ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ኪት ዋጋው 2 ሺሊንግ ነበር። ቅርጹ እምብዛም እውነተኛውን አይመስልም። ድርጅቱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ በአዲስ ሻጋታ ተክቶታል። ሆኖም ልጆች በኪስ ገንዘባቸው የሚገዙት፣ ሙጫ ጣታቸው ላይ እየተጣበቀ የሚማሩበት እሱ ነበር። እሱ ባይኖር ዛሬ ሚሊ ሜትር የሚከራከሩት ሽማግሌዎች ስንቶቹ ይህን ሥራ ይጀምሩት ነበር?

አሁን ለማንም በቀላሉ የማልናገረውን ልንገራችሁ። አገሩንም ድርጅቱንም ልተወው። አለቃችን ተሳዳቢ ነበር። የተሳሳተ ሰው በሰው ፊት ይዋረድ ነበር። አንድ ሌሊት ሥራ ጨርሼ የመሣሪያ ሳጥኔን ስቆጥር የሦስት ስምንተኛ ኢንች የብሎን መፍቻ ቁልፍ ጎደለኝ። ሁሉንም አወጣሁ፣ እንደገና ቆጠርኩ። የለም። ክንፍ ውስጥ ረስቼዋለሁ ማለት ነው። ክንፍ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች አሉ። አንድ ቁልፍ እዚያ ገብቶ ቢቀረቀር ምን እንደሚሆን እኔ ላላውቅ አልችልም። ታዲያ ወዲያው ሮጬ መናገር ሲገባኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳጥኔ አጠገብ ቆምኩ። የማስበው ስለ ተሳፋሪው አልነበረም። ነገ ጠዋት በሰው ፊት ምን እንደምባል ነበር። በመጨረሻ ተናገርኩ። ተሰደብኩ። ቁልፉም ክንፉ ውስጥ ተገኘ። ስድቡን ረስቼዋለሁ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

የፕላስቲክ አውሮፕላን ማንንም አይገድልም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ያው ሰው ነው። በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር መደበቅን ነው። ፎቶውን ያነሣል። ቀጥሎ የሠራውን አያሳይም። ካላሳየ ደግሞ የክንፉ መገናኛ ላይ የቀረችውን ስንጥቅ እንዴት እንደሚደፍን ማን ይነግረዋል?

ስለዚህ አስተያየት ከመጻፋችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ። ኪቱ ገና ሳጥን ውስጥ ሳለ የሚነገር ነገር አለ። ቀለም ተቀብቶ፣ ዲካል ተለጥፎ ካለቀ በኋላ የሚነገር ሌላ ነው። የሞተር ሽፋኑ ጠባብ መሆኑን ገና ላልከፈተው ብትነግሩት ትረዱታላችሁ። ጨርሶ ፎቶ ላነሣው ብትነግሩት ምን ያድርገው? እሱን ያዙለትና ለሚቀጥለው ጠብቁ። ወይም ጠይቁት፤ «ምን እንድናይልህ ትፈልጋለህ?» ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ፎቶ የምትለቁትም ብትሆኑ ከላይ አንድ መስመር ጻፉ። እንድንደሰትላችሁ ነው ወይስ እንድንፈትሽላችሁ? ሁለቱም ነውር የለውም።

ስትናገሩም ስለ ፕላስቲኩ ተናገሩ። «መስኮቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል» በሉ። «አንተ ዓይን የለህም» አትበሉ። ያላያችሁት፣ ያልለካችሁት፣ ከሰው የሰማችሁት ከሆነ እንደዚያው ተናገሩ። እኔ ኪቱን ሳይከፍት ኪቱን የሚረግም ሰው ሳይ እውነት ለመናገር ትዕግሥቴ ያልቃል።

በሩ ላይ የተሳሳተውን ሰውዬ በግል ጻፍኩለት። የእኔ ዕድሜ ነው። ብዙ ያነበበ፣ ብቻውን የሚኖር፣ በመሠረቱ ደህና ሰው ነው። ስለ ሲ-47 በር አስረዳሁት። መጀመሪያ ተከራከረኝ። ከዚያ ለሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ልጁ ልክ ነው፤ ግን ፎቶው ከጠፋ የት ላርመው?» አለኝ። ያበላሸህበት ቦታ ላይ ነዋ፣ አልኩት። ጻፈው። አጭር ነበር፤ ሁለት መስመር። ከዚያ በፊት እሱ ስህተቱን ሲያምን አይቼ አላውቅም። በስድብ ብሄድበት እንደማይጽፈው እርግጠኛ ነኝ። እኛ ሽማግሌዎች የምንቆጣው ብዙውን ጊዜ ለሰው የምንሰጠው ያ የምናውቀው ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ታገሡን፤ ግን «በምን ለኩት ጋሼ?» ብላችሁ ጠይቁን።

ልጁን አፈላልጌ ደወልኩለት። አውሮፕላኗን አልጣላትም። እናቱ ሳሎን ቡፌው ላይ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀምጣታለች። ስለ አንበሳው ስነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጎፈሩን ሦስት ጊዜ ነው ያጠፋሁት ጋሼ» አለኝ። አጎቱ ያንኑ ኪት ሁለተኛ ልኮለታል። «ሪቬቱን ልፋቀው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዱን ክንፍ ፋቀው፣ ሌላውን ተወው፣ ጎን ለጎን አድርገህ በራስህ ዓይን ፍረድ፣ አልኩት።

ባለፈው እሑድ ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱ ክንፎች ጋዜጣ ላይ ተጋድመዋል። መሀላቸው ማስመሪያ አስቀምጧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የተፋቀው ይሻላል። ግን የግራ ክንፍ ጫፍ ላይ አብዝቼ ፈግፍጌው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀጥኗል። በምን ልሙላው?»

ስቱኮ በስሱ፣ እያደረቅክ ደጋግመህ፣ አልኩት። ሲደርቅ ይወርዳልና ትንሽ አስተርፍ። የአንበሳውንም ቦታ ከአሁኑ ለካው።