ስለ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለጠየቃችሁኝ

ከወላጆችና ከተማሪዎች ለመጡ ጥያቄዎች፣ ከኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሠልጣኝ የተሰጡ መልሶች።

ጥያቄ፦ ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ አላመጣም። ሙያ ማስገባት ተስፋ መቁረጥ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፣ እናቴ። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ ዋጋ የላቸውም ልንል ነው? የሚያሳዝነኝ፣ ሙያን የወደቀ ልጅ መጣያ አድርገን ማውራታችን ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የሙያውን ዓይነት ልጅዎ ራሱ ይምረጥ። በግድ የገባ ሠልጣኝ ፒንሳ ሲይዝ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከ10ኛ ክፍል ነው የገባው። እኔስ?

መልስ፦ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል፤ ስለዚህ በወንድምህ ዘመን አትመራ። የዘንድሮውን የመግቢያ ማስታወቂያ አንብብ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ኮሌጅ ይሻላል ወይስ የግል?

መልስ፦ ከመመዝገብዎ በፊት «ወርክሾፑን አሳዩኝ» ይበሉ። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የታሰበው። ብየዳ ከሆነ ስንት ማሽን እንደሚሠራ፣ ኤሌክትሮድ ለሠልጣኞች በቂ መሆኑን ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ ብሬከርና ሶኬት በእጁ ማሰር አለበት፤ ሰሌዳ ላይ የተሣለ መስመር ወደ ደብተሩ ቢገለብጥ ብቻ የቤት መስመር መዘርጋት አይችልም። የትብብር ሥልጠናውም፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ እየሠሩ የሚማሩት፣ የት እንደሚሰጥ ይወቁ። ድርጅት ተልከው ወለል ሲጠርጉ የከረሙ ልጆች ገጥመውኛል፤ ያ የልጅን ዕድሜ መስረቅ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ካገኙ የመንግሥትም ሆነ የግል ቢሆን ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ግዴታ ነው?

መልስ፦ የኮሌጁ ማስረጃ መሠልጠንህን ይናገራል፤ መቻልህን የሚመሰክረው የብቃት ምዘናው ነው። ቀጣሪዎች ስለሚጠይቁ አትዝለለው። የጽሑፉን ጥያቄ ከመሸምደድ ይልቅ የተግባሩን ሥራ እየደጋገምክ ልመድ፤ ብዙዎች የሚደናገጡት መዛኙ አጠገባቸው ሲቆም ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ አውቶ መካኒክ ብትማር ይከብዳታል?

መልስ፦ አይከብዳትም። የሚከብዳት «ይህ የሴት ሥራ አይደለም» የሚላት ሰው ነው፤ እሱን አስታግሡላት።

ጥያቄ፦ ሙያ ከገባሁ በኋላ ዲግሪ ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሥልጠናው ደረጃ በደረጃ ያድጋል፤ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም በዲግሪ ያስተምራል። ምክሬ ግን መሀል ላይ ጥቂት ዓመት ሥራ ላይ እንድትቆዪ ነው፤ ሠርተሽ የመጣሽ እንደሆነ ጥያቄሽም ይለያል።