ሾፌሩ ጠጥቶ ሲነዳ ረዳቱ ቢናገር ሐሜት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የገልባጭ መኪና ረዳት ነኝ። ሾፌሩ ማታ ሲቅም ያመሽና በአረቄ ይጨብሳል። ሳይተኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጠጠር ልንጭን ወደ ካባ እንወጣለን። ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ለመኪናው ባለቤት ብነግር ሐሜት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንብህም፣ ወንድሜ። ሐሜት የሰውን ነውር ምንም ሊያደርግለት ለማይችል ሰው ማውራት ነው፤ ባለቤቱ ግን ቁልፉን መቀበል ይችላል። ዘሌዋውያን 19፥16 ወሬ ማመላለስንም፣ የባልንጀራን ደም ቆሞ ማየትንም በአንድ ቁጥር ይከለክላል።

ማቴዎስ 18፥15 «ለብቻው ንገረው» ይላል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ያ ጊዜ ላለው ነገር ነው። ሞተር ሊነሣ ሲል መጀመሪያ መኪናው ይቁም፣ ምክሩ በኋላ ይደርሳል። ጋቢና አትግባ። ሰክረሃል አልሰከርኩም ብለህ አትከራከረው፣ ማለቂያ የለውም። ለባለቤቱ ደውል፤ እምቢ ብሎ ከወጣ ሰሌዳውንና መንገዱን ለትራፊክ ፖሊስ ተናገር። ያየኸውን ብቻ በል፦ አረቄ ይሸተዋል፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ ትናንት ሁለት ጊዜ መስመር ስቷል። «ሰካራም ነው» ካልክ ግን ምስክርነቱን ትተህ ፍርድ ጀመርክ ማለት ነው።

ምርቃናው አያታልልህ። ጫቱ ያነቃዋል እንጂ አረቄውን ከደሙ አያወጣም። አንዱን መለኪያ ለማጥፋት ጉበት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፋጥነውም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አምስት መለኪያ የጠጣ ሰው፣ 11 ሰዓት ላይ ግማሽ ያህሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ጫቱ ሲለቀው ደግሞ እንቅልፉ መሪ ላይ ይመጣበታል።

ለብቻው የምትነግረው ሥራ በሌለበት ቀን፣ ሳይቅም፣ ጫኞቹ በሌሉበት ነው። ካልሰማህ የንስሐ አባቱን ይዘህ ሂድ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲጠጣ የሚተወው ከሆነ «ከነገ ጀምሮ አቁም» አትበለው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰውነቱን ሊጥለውና ሊያስቃዠው ይችላል፤ ሰው ግን «መንፈስ ነው» ብሎ ጸበል ብቻ ያስይዘዋል። ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልም፣ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዱት።

ስለ እንጀራህ መፍራትህ አይገርምም። ዘጸአት 21፥29 በሬው እንደሚዋጋ ተነግሮት ያልጠበቀውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ከነገርከው በኋላ ሸክሙ የእሱ ነው። ቀን እንዲኖረው በአጭር መልእክት ጻፍለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ሰክሮ ሥራ መግባትን ይከለክላል። ባለቤቱ «ዝም ብለህ ሥራ» ካለህ፣ ከዚያ ጋቢና ውረድ።