ዛፉ የቱ ጋ ነው የቆመው?

ሰሞኑን አንዲት የደን ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ዓለም እየሞቀ ከሆነ የተራራ ዛፍ ደስ ሊለው አይገባም? የሚጎዳው ብርዱ አይደል?» ትላለች። የዋህ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ፈጅቼበታለሁ። መልሱን ለእሷም፣ ሙያውን ለጀመራችሁ ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ ዛፉ የቱ ጋ እንደቆመ ንገሩኝ።

ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ስትወጡ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ታገኛላችሁ። እዚያ ቀን ፀሐይ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጭ ይነክሳል። ቅጠሉ በብርድም ቢሆን ምግብ ይሠራል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ዛፉ ያንን ምግብ ወደ እንጨት መለወጥ ያቅተዋል። እህል ሞልቶ እሳት የጠፋበት ቤት በሉት። እንዲህ ላለ ዛፍ ትንሽ ሙቀት በረከት ነው። ወደ ላይ በ100 ሜትር ወደ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ዲግሪ ቢሞቅ ዛፉ የሚበቅልበት የላይኛው ወሰን ከ150 ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። አስታው ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚበቅለው ጅብራ የት ይሂድ? ራስ ደጀን እንደሆነ 4,550 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ 2,500 ሜትር ውረዱ። ደረቅ ገደል ላይ ጽድ ቆሟል። ይሄኛው የቸገረው ውሃ ነው። ሙቀት ሲጨምር አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ዛፉም ውሃ ላለማባከን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። በሩን ሲዘጋ ግን የሚበላው አየርም ውጭ ይቀራል። ግንዱ ውስጥ በየዓመቱ ከሚሠራው ቀለበት የዚያ ዓመቱ ቀጭን ይሆናል። ተራራው አንድ፣ ሙቀቱም ያው፤ የላይኛው ሲወፍር የታችኛው ይከሳል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ 5,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው ብሪስልኮን ፓይን የሚባሉ ዛፎች አሉ። በመጨረሻው የዛፍ ወሰን ላይ የቆሙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከቀደሙት ብዙ መቶ ዓመታት የሰፋ ቀለበት ሠርተዋል። ትንሽ ዝቅ ብለው የቆሙት ግን እንደዚያ አላደጉም። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ስለ ስህተቴ። ወጣት ሳለሁ በልግም ክረምትም ከሚዘንብበት ደጋ ከጽድ ላይ ናሙና አወጣሁ። ቦረር በሚባል የግንድ መብሻ በስተን ከእርሳስ የቀጠነች እንጨት እናወጣለን፤ ዛፉ አይሞትም። ቆጠርኩና 200 ዓመት ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጽድ ግን ዝናቡ ሁለቴ ሲመጣ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በመሃል ደረቅ ወር ሲገባም የውሸት ቀለበት ይሠራል። ያን ጊዜ የሰማሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የቀለበት ቆጠራ ማረጋገጫው ከየት እንደተገኘ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ኃያላኑ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአየር ላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ በአየር ውስጥ ያለውን ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን በእጥፍ ገደማ አሳደገው። በየትኛውም አገር ያለ ዛፍ ያንን አየር ስቦ በእንጨቱ ውስጥ አስቀምጦታል። ቀለበቱን ስታስመረምሩ የ1960ዎቹ እንጨት ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወደ ውጭ ቆጥራችሁ የራሳችሁን ቁጥር ትፈትናላችሁ። እባካችሁ፣ ሳትፈትኑ ዕድሜ አትናገሩ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። አንድ ተራራ ላይ የአስታ ቡቃያ ከድሮው ወሰን በላይ በቅሎ አየሁ። ደስ አለኝ። የአየር ንብረት ለውጡ ይኸው ብዬ ፎቶ አነሳሁ። አብረውኝ የወጡት አዛውንት እረኛ ቡቃያውን በዱላቸው ነካ አደረጉና «ልጄ፣ እዚህ እኮ ፍየል መምጣት ከተወ ስንት ጊዜው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? በአልፕስ ተራሮችም እንዲሁ ነው። ዛፉ ወደ ላይ የወጣው በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ ገበሬው ከብቱን ወደ ተራራ ማውጣት ስለተወም ጭምር ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ የግጭ መንደር እ.ኤ.አ. በ2016 ተነስቷል። ዛሬ እዚያ አዲስ ቡቃያ ብታዩ ከቴርሞሜትሩ በፊት የከብቱን ታሪክ ጠይቁ። እሳትንም ጠይቁ። አስታ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አዲስ መጤ ነው ማለት አይደለም።

ሙቀቱ ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። እየሞቀ ነው፣ ዛፉም ይሰማዋል። ግን ፍየሉ፣ መጥረቢያው፣ እሳቱና ዝናቡ ሁሉ እዚያው ቀለበት ላይ ነው የሚጽፉት። የማን የእጅ ጽሕፈት እንደሆነ መለየት ነው ሥራችሁ። ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ መዋል አይበቃም፤ ከታች እስከ ጫፍ መውጣት አለባችሁ። የላዩን ብቻ የለካ ሰው ዛፎቹ ተመቻቸው ይላል፣ የታችኛውን ብቻ የለካ አለቀላቸው ይላል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ አንድ ዳገት ላይ ከታች እስከ ላይ ቁጥር የመታሁባቸው 40 ዛፎች አሉ። ውፍረታቸውን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እለካ ነበር። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ደብተሩ ከእኔ ጋ ነው፤ መጥተሽ ውሰጂው። 31ኛው ከቋጥኝ ጀርባ ስለሆነ ቶሎ አይታይም፤ በግራ በኩል ዙሪ።