ለዕቃ ቻይና ስትሄዱ ባለቤታችሁንም ይዛችሁ ለመዝናናት፦ ጠይቁኝ

የቻይና ከተማ ወደሆነችው ጓንዡ ለዕቃ የምመላለስ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ መርካቶ ነው፣ የወጥ ቤትና የቤት ዕቃ አስመጣለሁ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን የዓመት ፈቃዱን ከኔ ጉዞ ጋር እያገጣጠመ አብሮኝ ይሄዳል። «ሥራና ሽርሽር አብሮ ይሄዳል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ያላችሁን ጠይቁኝ ብያለሁ። የምመልሰው ስለ ጓንዡና አካባቢዋ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የንግድ ቪዛ ነው የምጠይቀው። ባለቤቴ ነጋዴ አይደለችም። እሷም በኔ መጋበዣ ትገባለች?

ከቻይና የሚላከው የንግድ መጋበዣ ኤም ለሚባለው ቪዛ ነው፣ ለገበያ ለሚሄድ ሰው። እሷ የምትሄደው ለማየት ከሆነ ኤል የሚባለውን የቱሪስት ቪዛ በራሷ ስም ትጠይቅ፤ የደርሶ መልስ ትኬትና የሆቴል ቦታ ማስያዣ ይፈለግባታል። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁን አስተርጉማችሁ ያዙ፣ አብራችሁ እንደምትሄዱ ለማስረዳት ይጠቅማል። ንግድ ፈቃዱ የጋራ ከሆነ ግን ሁለታችሁም በመጋበዣው ላይ በስም ብትጻፉ ይሻላል። ሁለታችሁም ቢጫ ካርድ አትርሱ።

ጥያቄ፦ መቼ ብንሄድ ይሻላል? ሥራውም እንዳይበላሽ፣ ሽርሽሩም እንዲኖር።

ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ካንቶን ፌር የሚባለው የጓንዡ ትልቅ የንግድ ኤግዚቢሽን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ኦክቶበር። እያንዳንዱ በሦስት ዙር ይከፈላል። የኤፕሪሉ ከኤፕሪል 15 እስከ 19 ኤሌክትሮኒክስና ማሽን፣ ከ23 እስከ 27 የቤት ዕቃ፣ ስጦታ፣ የግንባታ ዕቃና ፈርኒቸር፣ ከሜይ 1 እስከ 5 ደግሞ ልብስ፣ ጨርቅ፣ ጫማ፣ መጫወቻና የመሳሰለው። የኦክቶበሩም በዚሁ ቅደም ተከተል ከኦክቶበር 15 ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 4 ይሄዳል። አሁን ቀኖቹን ልብ በሉ። በዙሮቹ መካከል ሦስት ሦስት ቀን ባዶ አለ፣ ከ20 እስከ 22 እና ከ28 እስከ 30። አዳራሹ ድንኳን አፍርሶ ሌላ የሚተክልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ቀኖች ሆቴል ተኝቶ ወይም አፍሪካውያን በሚበዙበት ሻኦቤይ በሚባለው ሰፈር ከአበሻ ጋር ቡና ሲጠጣ ያሳልፋቸዋል። የናንተ ሽርሽር እዚህ ላይ ነው፣ ከሥራው አንድ ቀን አትሰርቁም።

ሌላው ሳምፕል ነው። ፋብሪካው ዕቃውን በናንተ ቀለም ወይም በናንተ አርማ ሠርቶ ለማሳየት ቀናት ይፈልጋል። ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁትም አይፈጥንም፣ ስለዚህ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ከከተማ ውጡ።

ከሁለቱ እኔ የምመርጠው የኦክቶበሩን ነው። በኤፕሪል ጓንዡ ዝናብና ወበቅ ነው፤ በኦክቶበር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ በእግር ለመዞር ይመቻል። ሜይ 1 ደግሞ የሠራተኞች በዓል ስለሆነ አገሬው በሙሉ ጉዞ ላይ ነው፣ የባቡር ትኬት ይጠፋል፣ የሚታይ ቦታ ሁሉ በሰው ይጥለቀለቃል። ከኦክቶበር 1 እስከ 7ም ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ ፋብሪካው ዝግ ነው። «ቀደም ብለን ሄደን ፋብሪካ እንይ» ብላችሁ በዚያ ሳምንት እንዳትገቡ።

ጥያቄ፦ ባሌ ኤግዚቢሽን መዞር አይወድም። ባለፈው ዱባይ ይዤው ሄጄ በሁለተኛው ቀን ተጣላን። ምን ላድርግ?

አታዙሪው! አዳራሹ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል፣ ስፋቱ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መሄድ ብቻ እግር ይቆርጣል። ሥራው የማይመለከተውን ሰው እዚያ ቀኑን ሙሉ ማቆም ቅጣት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ይምጣ፣ አንዴ ይየው። ባጅ ግን በራሱ ፓስፖርት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይመዝገብ፣ በአንቺ ባጅ አይገባም። ከዚያ በኋላ ቀኑ የየራሳችሁ፣ ማታው የጋራ ይሁን። የኔ ባል ቀን ቀን የሻይ ገበያና መናፈሻ ሲያካልል ይውልና ማታ እኔ ካታሎግ ተሸክሜ ስደርስ የሚበላበትን ቤት መርጦ ይጠብቀኛል። በዚህ ተስማምተናል።

ፋብሪካ ስትሄጂ ግን ይዘሽው ሂጂ። ፎሻን ሰቆና ፈርኒቸር፣ ጆንግሻን ውስጥ ጉጀን የምትባለው ከተማ መብራት፤ ሻጮቹ በመኪና መጥተው ይወስዷችኋል፣ ምሳም ይጋብዛሉ። ቻይናዎች ባለቤትሽን ይዘሽ ስትመጪ ደስ ይላቸዋል፣ ጨዋታው ይቀላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዋጋ ክርክር መሃል ባልሽ «ውይ ርካሽ ነው!» የሚል ፊት እንዳያሳይ አስቀድመሽ ምከሪው። አማርኛ ባይችሉም ፊት ያነባሉ።

ጥያቄ፦ እኔን የሚልከኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ሚስቴን ብወስድ ያስጠይቀኛል?

ደብቀህ ከወሰድካት አዎ፣ ነግረህ ከወሰድካት ብዙውን ጊዜ አይደለም። የሷ ትኬት፣ ቪዛና ምግብ ከኪስህ። ክፍሉ ለሁለት ሰው ሲሆን ልዩነት ካለው ልዩነቱን አንተ ክፈል፣ ሆቴሉ ደረሰኙን ለይቶ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ሥራው ካለቀ በኋላ የምትጨምራቸውን ቀኖች ከዓመት ፈቃድህ አስቀንስና በጽሑፍ ያዝ፤ በነዚያ ቀኖች አበል አትጠይቅ። ለሷ ተብሎ የትኬቱ ቀን ሲቀየር ዋጋው ከጨመረ ያም ያንተ ነው። ሆቴል ስትገቡ የሁለታችሁም ፓስፖርት ይመዘገባል፣ በቻይና ግዴታ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ካረፋችሁ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ።

ጥያቄ፦ ሆንግ ኮንግ በባቡር አንድ ሰዓት ነው ይላሉ፣ ለሁለት ቀን ደርሰን ብንመለስስ?

ቪዛችሁን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ መግቢያ የሚል ከሆነ ሆንግ ኮንግ ወይም ማካው መሄድ ከቻይና እንደ መውጣት ይቆጠራል፣ ተመልሳችሁ አትገቡም። ዕቃችሁ ጓንዡ፣ እናንተ ድንበር ላይ! ሁለቱም የራሳቸው የመግቢያ ሕግ ስላላቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሳያጣራ አይነሳ። ትልቅ ከተማ ማየት ከሆነ ያማራችሁ ሸንዠን አለላችሁ፣ ድንበር አያሻግራችሁም።

ጥያቄ፦ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ ባለቤቴ የኢትዮጵያ። ከዋሽንግተን ተነስቼ ጓንዡ ላይ ተገናኝተን አብረን አዲስ አበባ ብንገባስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው። ላንተ ትራንዚት ያለ ቪዛ የሚባለው አለ፦ ከአንድ አገር መጥተህ ወደ ሌላ ሦስተኛ አገር የምታልፍ ከሆነ እስከ 240 ሰዓት፣ ማለትም 10 ቀን ያህል ይፈቀዳል። ከአሜሪካ ገብተህ ወደ አዲስ አበባ ስለምትወጣ ይሠራልሃል፤ የመውጫ ትኬትህ የተቆረጠ መሆን አለበት። ባለቤትህ ግን በዚህ አትገባም፣ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እሷ መደበኛውን ቪዛ ታውጣ። የሷ ቪዛ ፓስፖርቷ ላይ ሳይለጠፍ ያንተን ትኬት እንዳትቆርጥ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጾመኞች ነን። እዚያ ምን ይበላል? ፋሲካስ ከዚያ ጋር አይጋጭም?

እንደ ዓመቱ ነው። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው የሚውለው፣ ያ ማለት ሜይ 2፣ የሦስተኛው ዙር መሃል። ልብስና ጫማ የምታመጡ ከሆነ ወይ በዓሉን እዚያ ትውላላችሁ ወይ የኦክቶበሩን ትጠብቃላችሁ። ሁለተኛውን ዙር ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ሥራውን ጨርሶ ለስቅለት አገሩ ይገባል።

ምግቡ አይቸግርም። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ እንጉዳዩ፣ ባቄላው፣ የቅጠል ዓይነቱ ብዙ ነው። የቡድሃ ቤተ እምነቶች አጠገብ ሥጋ ጨርሶ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፣ ወተትና እንቁላል መኖሩን ብቻ ጠይቁ። ተራ ምግብ ቤት ስትገቡ ግን ተጠንቀቁ። ጎመን አዝዛችሁ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ የኦይስተር ሶስ ያፈሱበታል፣ በአሳማ ስብም ይጠብሱታል። ስልካችሁ ላይ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የእንስሳ ስብ አንበላም» ብላችሁ በቻይንኛ አስጽፋችሁ አሳዩ። ሙስሊም ለሆናችሁ ሻኦቤይ አካባቢ የሐላል ቤት ሞልቷል፣ በእጅ የሚጎተተውን የላንዡ ኑድል ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን የለንም፣ ያለን ከገበያ የሚተርፍ ግማሽ ቀን ነው። ምን እንይ?

ገበያውና የሚታየው ቦታ ጎን ለጎን ናቸው። ዪደ ሉ የሚባለው መንገድ የመጫወቻ፣ የጽሕፈት ዕቃና የጌጣጌጥ ጅምላ ነው፤ እዚያው መንገድ ላይ ከ1863 እስከ 1888 በግራጫ ግራናይት የተሠራ ትልቅ የካቶሊክ ካቴድራል አለ፣ ሰዉ «የድንጋዩ ቤት» ይለዋል። ዕቃ መርጣችሁ ስትወጡ ግቡ። ከዚያ በሜትሮ መስመር 6 ሁለት ጣቢያ ብትሄዱ ሁዋንግሻ ትወርዳላችሁ፣ ሻምየን ደሴት እዚያ ናት። ድሮ እንግሊዝና ፈረንሳይ የያዟት፣ ጥላዋ የበዛ፣ መኪና የማይረብሻት። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰው የሚሆን ከሷ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በተቃራኒው አቅጣጫ ቤጂንግ ሉ የሚባለው መንገድ ነው፤ መንገዱ መሃል ላይ በመስታወት ሥር ከታንግ ዘመን ጀምሮ ተደራርበው የተገኙ የጥንት መንገዶች ይታያሉ። የእንጨትና የድንጋይ ቅርጽ ለምትወዱ በ1894 ያለቀው የቼን ቤተሰብ አዳራሽ አለ፣ መስመር 1።

ማታ ደግሞ ወንዙ። 600 ሜትር የሚረዝመው ካንቶን ታወር ላይ ለመውጣት የሚከፈለው ብዙ ነው፣ እኔ አልመክርም። ማማው ራሱ የሚያምረው ከወንዙ ማዶ ሲታይ ነው፣ ያ ደግሞ ነጻ ነው። የሽርሽር ጀልባው ሲወደድባችሁ ሰዉ ለመሻገሪያ የሚጠቀምበትን ተራ ጀልባ በጥቂት ዩዋን ያዙ። ጠዋት የሚተርፋችሁ ቀን ካለ አገሬው የጠዋት ሻይ የሚለውን ግቡበት፣ በእንፋሎት የበሰለ ትንንሽ ምግብ እያመጡላችሁ ሰዓት ይሄዳል። የገበያ ቀን ከሆነ ግን አትግቡ፣ አትወጡም።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ቢኖረንስ?

ያንግሹዎ። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን 20 ዩዋን ገልብጣችሁ እዩት፤ ጀርባው ላይ ያለው ተራራና ወንዝ እዚያ ሺንግፒንግ የምትባል መንደር አጠገብ ነው። ታንኳ አለ፣ ብስክሌት ተከራይቶ በሩዝ ማሳ መሃል መንዳት አለ። የባቡር ትኬት ከ15 ቀን በፊት ይከፈታል፣ የምትሳፈሩት በፓስፖርታችሁ ነውና ሆቴል ጥላችሁት እንዳትወጡ።

ጥያቄ፦ ገንዘብና ስልክ?

አገራቸው ውስጥ ገንዘብ የሚከፈለው በስልክ ነው። አሊፔይ ወይም ዊቻት አዲስ አበባ ሳላችሁ ጫኑና የውጭ ምንዛሪ ካርዳችሁን አያይዙ። በአንዴ ከ200 ዩዋን በላይ ስትከፍሉ 3 በመቶ ይቆርጣል። ጥሬ ገንዘብም ትንሽ ይኑራችሁ። ሁለታችሁም ስልክ ላይ የየራሳችሁን ክፈቱ፣ አንዱ አዳራሽ አንዱ ከተማ ሲሆን ችግር እንዳይመጣ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል በቻይና ሲም አይከፈቱም። ሮሚንግ ወይም ከውጭ የተገዛ ኢሲም (ያለ ካርድ ስልክ ላይ የሚጫን ሲም) ግን ይከፍታል። እርስ በርሳችሁ በዊቻት ተጻጻፉ፣ የሆቴሉንም አድራሻ በቻይንኛ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሆቴል በፌሩ ጊዜ እሳት ነው። ምን ይሻላል?

አዳራሹ አጠገብ ፓዡ በሚባለው ሰፈር አትፈልጉ። በሜትሮ መስመር 8 ላይ ራቅ ብላችሁ ያዙ፣ ወይም ፎሻን እደሩ፣ በሜትሮ ይገናኛል። ወደ አዳራሹ በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ ያላቸው ሆቴሎችም አሉ፣ ስታስይዙ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ነው ወይስ መሃል ላይ የሚዝናናው? እኛ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ነው ያሰብነው።

መሃል ላይ። ብዙ ሰው እንደናንተ መጨረሻ ላይ ያደርግና መጨረሻ የሚባል ነገር አይመጣም፤ ሳምፕሉ ይዘገያል፣ ቀለሙ ይሳሳታል፣ ሽርሽሩ ይቀራል፣ ቤት ውስጥም ኩርፊያ ይገባል። መጀመሪያ ፋብሪካውን ምረጡ፣ ሳምፕል አዝዙ፣ ከዚያ ውጡ። ስትመለሱ ሳምፕሉን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፣ ቀብዱን (በተለምዶ 30 በመቶ ይጠይቃሉ) ያኔ ተነጋገሩበት። «ዛሬ ቀብድ ካልከፈላችሁ ዋጋው ይጨምራል» ቢሏችሁ ባቡራችሁን አትሰርዙ፣ ዋጋው ስትመለሱም እዚያው ነው። ከበረራው በፊት ያሉትን ሁለት ቀኖች ግን ለማንም አትስጡ፤ እነሱ የቆጠራና የሻንጣ ቀኖች ናቸው።